ሰማዩ ለምን ሮዝ ሆነ? ስለ መኳንንት ሴቶች የውሃ ቀለም ሥዕል ለጠየቅሽው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ እንግሊዝ አገር አንዲት አዛውንት የምትንከባከብ እህታችን ናት የጠየቀችው። አዛውንቷ ከቁምሳጥን አንድ አሮጌ አልበም አውጥተው አሳይተዋታል፣ ውስጡ 22 የውሃ ቀለም ሥዕሎች፣ ሁሉም ተራራ፣ ወንዝ፣ የፈረሰ ግንብ፣ ዛፍ። «የአያቴ አያት ናት የሳለችው፣ የጌታ ልጅ ነበረች» ብለዋታል። አምስት ፎቶ አያይዛ እንዲህ ትላለች፦ «ለምን ሰው የለበትም? ለምን ስሟን አልጻፈችም? እነዚህ ሴቶች ሥራ ፈትተው ነው ወይስ ሙያ ነው? አንዱ ላይ ያለው ነጠብጣብ ሻጋታ ነው? ሃያዎቹ ላይ ሰማዩ ግራጫና ሰማያዊ ሆኖ ሁለቱ ላይ ብቻ ሮዝ የሆነው ለምንድነው? ዋጋስ አለው?»

ሰላም እህቴ። እኔ ወረቀት ላይ የተሰራ ሥዕል ጥገና ነው ሥራዬ፣ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ እንዲህ ዓይነት አልበም ስንቴ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተቀመጠ ቆጥሬም አላውቅ፣ ስለዚህ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ «ሥራ ፈትተው ነው ወይ» የምትለዋን እንጨርሳት። ጊዜ ነበራቸው፣ እሱ እውነት ነው፣ እሳት የሚያነድላቸው ሌላ፣ ልጅ የሚያዝልላቸው ሌላ። ግን አማተር የሚለው ቃል ዛሬ ሲባል ጀማሪ፣ ያልበሰለ ማለት ይመስለናል፣ ያኔ የችሎታ ጉዳይ አልነበረም እኮ፣ የመደብ ጉዳይ ነበር። የጌታ ልጅ ሥዕል ሸጣ ብር ከተቀበለች ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚያፍረው። ስለዚህ የፈለገውን ያህል ብትችል አማተር ሆና ትኖራለች፣ አማተር ሆና ትሞታለች። በኛ ቋንቋ ነገሩ በደንብ ይገባል፣ ባለሙያ ስንል ሁለት ሰው ነው የምንለው፣ ተምሮ በሥራው የሚበላውም ባለሙያ ነው፣ ወጧ የሚጥም ፈትሏ የቀጠነ ሴትም ባለሙያ ናት። እነዚህ ሴቶች በሁለተኛው ባለሙያ እንዲሆኑ ተገደው በመጀመሪያው ግን ተከለከሉ፣ በቃ ነገሩ ይሄው ነው። ፒያኖ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጥልፍ፣ ዳንስ፣ የውሃ ቀለም፣ ሁሉም አንድ ላይ ታስሮ የልጅቷ ሙያ ይባላል፣ ባል እስክታገኝ ሳሎን ውስጥ ለእንግዳ ይታያል።

የሚያስተምሯቸው ሰዎች ግን ቀልድ አልነበሩም። አሚሊያ ሎንግ የምትባል አለች፣ በኋላ ሌዲ ፋርንቦሮ የሆነችው፣ የ1772 ልጅ፣ አስተማሪዋ ቶማስ ገርቲን ነበር። ገርቲን በ1802 በ27 ዓመቱ የተቀጨ ሰው ነው፣ ግን የእንግሊዝን የውሃ ቀለም «ቀለም የተነካካ ንድፍ» ከመሆን አውጥተው ራሱን የቻለ ሥዕል ካደረጉት አንዱ እሱ ነው። እሷ ከ1807 እስከ 1822 ሮያል አካዳሚ በሚባለው የእንግሊዝ ሰዓሊዎች ተቋም ኤግዚቢሽን ላይ ሥራዋን አቅርባለች፣ የምትቀርበው ግን «የክብር ተሳታፊ» ተብላ ነው። ክብሩ ምን መሰለሽ፣ ይቺ ሴትዮ ለገንዘብ አይደለም የምትስለው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክብር ጠላትም አይስጥሽ።

ለአስተማሪዎቹ ደግሞ እነዚህ ሴቶች እንጀራ ነበሩ። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ስማቸውን የምታነቢው ሰዓሊዎች ብዙዎቹ ሥዕል ሸጠው ብቻ አልኖሩም፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው ያስተማሩት። ዴቪድ ኮክስ በ1814 ከለንደን ሄርፎርድ ድረስ ወርዶ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት በዓመት 100 ፓውንድ ተቀጠረ። ፔይንስ ግሬይ የሚባለው ጠቆር ያለ ግራጫ ቀለም፣ አሁንም ማንኛውም የሥዕል ዕቃ መሸጫ ብትገቢ የምታገኚው፣ ስሙን ያወረሰው ዊልያም ፔይን የሚባል ለንደን ውስጥ የነዚህን ቤተሰቦች ልጆች ያስተምር የነበረ ሰው ነው። እኔ የምወደው ግን ዊልያም ሌይተን ሊች ነው። ግላስጎው ቲያትር ቤት የመድረክ መጋረጃ ይቀባ የነበረ ደሃ ልጅ፣ ዞሮ ዞሮ የሻርሎት ካኒንግ አስተማሪ ሆነ፣ እሷ ደግሞ የንግስት ቪክቶሪያ ደንገጡር ነበረችና ንግስቲቱ ጋ አስገባችው፣ ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ ቤተ መንግስት ሲያስተምር ኖረ። ቪክቶሪያ ስኮትላንድ ባለው ባልሞራል ቤቷ ዙሪያ ያሉትን ተራሮች ስትስል ጀርባዋ ላይ ያለው የሱ ትምህርት ነው። ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ በ1846 ክረምት ኤድዋርድ ሊር 12 ጊዜ አስተምሯታል፣ መጀመሪያ ኦስቦርን በሚባለው የባህር ዳር ቤቷ። ኦስቦርን ሲባል ልብሽ ካልደነገጠ ላስታውስሽ፣ ልዑል አለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ በ1868 እሷ ፊት የቀረበበት ቤት ነው። በነገራችን ላይ በዚያው ዘመቻ ከመጡት መኮንኖች ውስጥ የኛን ገደልና አምባ በውሃ ቀለም የሳሉ አሉ፣ ወንዱ ይሄን ነገር የሚማረው ወታደር ቤት ነው፣ መሬት አይቶ እንዲያስቀር፣ ሴቷ ሳሎን ውስጥ። ብሩሹ ያው አንድ ብሩሽ ነው።

እሺ፣ ሰው የሌለበት ለምንድነው። ሰው ለመሳል ራቁት ገላ አይተሽ ነው የምትማሪው፣ አጥንቱ የት ነው ጡንቻው የት ነው ብለሽ፣ ያ ክፍል ደግሞ ለሴት ዝግ ነበር። ሮያል አካዳሚ በ1768 ሲመሰረት ሁለት ሴቶች መስራች አባል ነበሩ፣ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር፣ ከነሱ በኋላ ሙሉ አባል ሆና የተመረጠች ሴት እስከ 1936 ድረስ የለችም፣ ሎራ ናይት እስክትመጣ። የአካዳሚው ትምህርት ቤት ራሱ በ1860 የመጀመሪያዋን ሴት የተቀበለው ተሳስቶ ነው፣ ሎራ ኸርፎርድ ሥራዋን ስትልክ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ጻፈች፣ ወንድ መስሏቸው አሳለፏት። ገብተውም ቢሆን ሴቶቹ ሞዴል ፊት የተቀመጡት በ1893 ነው፣ ያውም ሞዴሉ ተሸፋፍኖ። ሰው ከተከለከልሽ ምን ይቀርሻል፣ አበባና ተራራ። አልበምሽ ውስጥ ሰው ካለ ከሩቅ ቀይ ሻሽ ያሰረች አንዲት ጭረት የምታህል ገበሬ ብትሆን ነው፣ እሷም ለቀለሙ ነው የገባችው።

ለምን የውሃ ቀለም? የዘይት ቀለም ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። የውሃ ቀለም ብርጭቆ ውሃና ሣጥን ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ክድን ማድረግ ይቻላል። ድሮ ግን ቀለሙን ራስሽ ፈጭተሽ ከሙጫ ጋር ማሸት ነበረብሽ፣ ያንን የገላገሏቸው ሪቭስ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው፣ እንደ ሳሙና የደረቀ የቀለም ቁራጭ ሰርተው በ1781 የሥነ ጥበባት ማህበሩ የብር ፓሌት ሸለማቸው። በ1832 ዊንዘር ኤንድ ኒውተን የሚባለው ቀለም አምራች ተከፈተ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ግሊሰሪን የገባበት ሁሌ እርጥብ የሚሆን ቀለም መጣ፣ ብሩሽ ነካ ስታደርጊው የሚያነሳ። ያኔ ነው ሣጥኑ ከሳሎን ወጥቶ ጋሪ ላይ የተጫነው።

የት ሄዱ? አውሮፓ ከ1793 እስከ 1815 በፈረንሳይ ጦርነት ተዘግታ ነበር ማለት ይቻላል፣ ጣሊያን መሄድ የለመደው መኳንንት አገሩን ማየት ጀመረ፣ ዌልስ፣ ስኮትላንድ፣ የሐይቆቹ አካባቢ። ያልበምሽ ፏፏቴና ፍርስራሽ ሁሉ የዚህ ወግ ልጅ ነው። ዊልያም ጊልፒን የሚባል ቄስ በ1782 ስለ ዋይ ወንዝ መጽሐፍ አውጥቶ አገር ምድሩን «ሥዕል የሚሆን» እና «ሥዕል የማይሆን» ብሎ ከፈለው፣ ላም እንኳ ሁለት ከሆነች አታምርም ሦስት መሆን አለባት ይላል፣ ቁጠሪ አልበምሽ ላይ ላም ካለ። ጥቁር ጎበጥ ያለ የእጅ መስተዋትም ነበራቸው፣ ለተራራው ጀርባሽን ሰጥተሽ መስተዋቱ ውስጥ ነው የምታዪው፣ ሁሉ ነገር አንሶ ጠቆር ብሎ ሥዕል መስሎ ይታይሻል። አንድ ስመ ጥር ባለቅኔ በ1769 እሱን እያየ ሲሄድ በጀርባው ጭቃ ላይ ወድቆ ጣቱን ተልጧል። ዛሬ ለሰልፊ ብለው ገደል የሚገቡትን ስሰማ ሁሌ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

አሁን ፎቶዎችሽን እንያቸው። አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ግራ ጥግ ያለው ትልቅ ዛፍ አንድ ነው፣ አይተሽዋል? ቦታው ይለያያል፣ አንዱ ወንዝ ዳር አንዱ ግንብ ሥር፣ ዛፉ ግን ግንዱ የታጠፈበት ቦታ፣ በቀኝ የወጣችው ደረቅ ቅርንጫፍ፣ ሁሉም ያው ነው። ያ ዛፍ የትም አልበቀለም፣ የአስተማሪው ዛፍ ነው። መምህሩ አንድ ሥዕል ይዞ ይመጣል፣ እስክትችይው ትገለብጪዋለሽ። ለንደን ውስጥ አከርማን የሚባል ሱቅ ሥዕል ለመገልበጫ ያከራይ ነበር፣ ልክ እኛ ቪዲዮ ቤት ካሴት እንደምንከራየው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ የቤት ሥራ ናቸው፣ ቦታው ላይ ቆማም ላይሆን ይችላል።

አራተኛው ግን ሌላ ነው፣ ስለሱ ነው ሻጋታ ነው ወይ ያልሽው። የወረቀት ሻጋታ ወይም ዝገት ቡናማ ነው፣ ሻይ የተረጨ ይመስላል። የአንቺው ግን መሃሉ ገርጥቶ ጠርዙ ጠቆር ያለ ጥቃቅን ክብ ነው፣ ተራራው ላይም ሰማዩ ላይም እኩል ተበትኗል። እንዴት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ሰማይ የሚቀባው አንዴ ነው፣ ወረቀቱን ታረጥቢዋለሽ፣ ሰሌዳውን ትንሽ ዘንበል ታደርጊና ቀለም የጠገበ ብሩሽ ከግራ ወደ ቀኝ እየወሰድሽ ወደታች ትወርጃለሽ፣ ጫፉ ላይ ሁሌ የቀለም ጠብታ እንደተንጠለጠለ መውረድ አለበት፣ ከቆምሽ መስመር ይሰራል፣ ከተመለስሽ ይቆሽሻል። ግማሽ ደረቅ ግማሽ እርጥብ ሆኖ ሳለ ውሃ ከነካው ጠብታው ቀለሙን ገፍቶ ወደ ዳር ያወጣውና እንዲህ ክብ ይሰራል። እና ይሄ ዝናብ ነው እህቴ። ካፊያ። ልጅቷ ደጅ ተቀምጣ እየሳለች ዘነበባት፣ አጣጥፋም አልሮጠችም፣ ምክንያቱም ነጠብጣቡ ከደረቀ በኋላ እንደገና የተጨመረ የሳር ጥቁረት ላዩ ላይ አለ፣ ጠብቃ ጨርሳዋለች። እዚህ ላይ መምህር የለም፣ ዛፉም የለም። ከአምስቱ ድፍረት ያለው ይሄ ነው፣ ንድፉ ግን ይንጋደዳል፣ ግንቡ ወደ አንድ ወገን ወድቋል። ለኔ ከዛፉ ሁለት ሥዕሎች ይበልጥብኛል።

ስም ያልጻፈችው የማይሸጥ ነገር ፊርማ ስለማያስፈልገው ነው። ሙያ በልብ ነው እንደምንለው፣ የነሱ ሙያ ደግሞ በአልበም ነው። ገልብጠሽ ጀርባውን እይ ግን፣ ብዙ ጊዜ በእርሳስ የቦታ ስምና ቀን አለ። ከዚያ ሉሁን በመስኮት ብርሃን ፊት ያዢው፣ ወረቀቱ ውስጥ ዋትማን የሚል የወረቀት ሰሪው ስምና ዓመት ልታዪ ትችያለሽ። የእንግሊዝ ወረቀት ሰሪዎች በ1794 በወጣ የቀረጥ ሕግ ምክንያት ነው ዓመት ማስገባት የጀመሩት፣ ሥዕሉ ወረቀቱ ውስጥ ከምታዪው ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም፣ በኋላ ግን ሊሆን ይችላል።

ይሄ ሁሉ ጨዋታ ብቻ ነበር እንዳትይ አንድ ሁለት ሰው ልጥቀስ። ቅድም ያልኩሽ ሻርሎት ካኒንግ ባሏ የህንድ ገዢ ሆኖ አብራው ሄደች፣ በአራት ትልልቅ ጉዞዎች የሳለችው 350 ገደማ የውሃ ቀለም ሥዕል ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። በ1857 አገሩ በሙሉ በአመጽና በእልቂት ሲታመስ ገዢው ቤት ውስጥ የነበረች ሴት ናት፣ ሥዕሎቿ ላይ ግን ጸጥ ያለ ወንዝና ኮረብታ ነው የምታዪው፣ እኔ ውበቱን አልክድም ግን ያ ጸጥታ ይከብደኛል። በ1861 ዳርጂሊንግ ተራራ ልትስል ወጥታ ስትመለስ ቆላው ላይ ወባ ያዛት፣ ህዳር ላይ ካልካታ ሞተች፣ 44 ዓመቷ ነበር። ሌላዋ የሩሲያው የመጨረሻ ንጉስ እህት ኦልጋ አሌክሳንድሮቭና ናት። በልጅነቷ እንደ ጌታ ልጅ የተማረችው የውሃ ቀለም ከአብዮቱ በኋላ ዴንማርክ፣ ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ካናዳ፣ ተሸጦ ቤተሰቧን አግዟል። ከ2000 በላይ ሥዕል ሰርታለች፣ በ1960 ቶሮንቶ ከአንድ ጸጉር ቤት በላይ ያለ አፓርታማ ውስጥ አረፈች። ስደት ላይ ያለ ሰው ይሄን ታሪክ ብዙ ማብራሪያ ሳይፈልግ ይገባዋል፣ ለጌጥ የተማርሽው ነገር ነው አንዳንዴ የቤት ኪራይ የሚከፍለው።

ዋጋ ላልሽው፣ ስም የሌለው የአማተር አልበም ብዙ ብር አያወጣም። ሸጠው እንዳይበታትኑት ንገሪያቸው፣ ነጋዴ እየገነጠለ አንድ በአንድ ነው የሚሸጠው፣ አልበሙ ሲበተን ደግሞ ታሪኩም አለቀ።

ሮዙ ሰማይ ጋ ደረስን። ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ አንድ ሥዕል ነበር፣ ሰማዩ እንዲህ ሮዝ፣ ደስ ብሎኝ መዝገቡ ላይ «ጀምበር ስትጠልቅ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ምንም ሳትል ፍሬሙን ፈታች፣ ሥዕሉን ዙሪያውን ይዞት የነበረውን ካርቶን አነሳች። ከካርቶኑ ሥር፣ ብርሃን ያልነካው የጣት ወርድ የሚያክል ጠርዝ ላይ፣ ሰማዩ ግራጫ ሰማያዊ ነበር። ደመና ያዘለ ተራ የእንግሊዝ ቀን። ያን ግራጫ የሚሰሩት ኢንዲጎ የሚባለውን ሰማያዊ ከቀይ አፈር ቀለም ጋር አደባልቀው ነው፣ ኢንዲጎ ከተክል ስለሚወጣ ፀሐይ ይበላዋል፣ አፈሩ ግን አይነቃነቅም፣ ሰማያዊው ሲሄድ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው በዚህ ተጨቃጭቀው በ1888 ራስልና አብኒ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች የትኛው ቀለም በብርሃን እንደሚጠፋ ፈትነው ለመንግስት ሪፖርት አቅርበዋል። እኛ ዛሬ የውሃ ቀለም ስናሳይ ከ50 ሉክስ አናስበልጥም፣ ደብዛዛ ክፍል ማለት ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። አልበም ተዘግቶ ነው የሚኖረው፣ ተዘግቶ የኖረ ሰማይ አይቀላም፣ ሃያዎቹን ያየሻቸው ግራጫና ሰማያዊ ናቸው ብለሻል። ሁለቱ ብቻ ለምን ቀሉ? ሁለቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ አልበም ውስጥ አልነበሩም ማለት ነው፣ ፍሬም ገብተው መስኮት ያለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመት ተሰቅለው ነበር፣ በኋላ ወርደው ነው ከሌሎቹ ጋር የተለጠፉት። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ የዛፉ ሥዕል ነው፣ ሦስተኛው ፎቶ፣ የቤት ሥራው። እኔ ብሆን የዝናቡን ነበር የምሰቅለው፣ እነሱ ግን ያማረውን መርጠዋል። ጠርዞቹን በደንብ እያቸው፣ ዙሪያውን ቀጭን ሰማያዊ መስመር ካለ ነገሩ አለቀ። አትጥረጊው፣ እርጥብ ጨርቅ እንዳታስነኪ፣ ገጾቹንም ለመላጥ አትሞክሪ። እና አዛውንቷን ጠይቂልኝ እስኪ፣ ልጅ ሆነው አያታቸው ቤት ሲሄዱ እነዚህ ሁለቱ የት ክፍል ተሰቅለው እንደነበር ትዝ ይላቸው ይሆናል።